ሰኞና ሐሙስ

ጥር ወር ነው በባሕር፣ ነፋሱ ምላጭ ነው፣
በወንዶቹ ጢም ላይ ጨው ነው የበቀለው።
ሩና ፍሌት ብቻ ካፖርቷን ከፈተች፣
ኮፍያዋን አውልቃ አንገቷን ገለጠች።
ከደረቷ ተነሥቶ፣ በአንገቷ በኩል አልፎ፣
ጆሮዋ ላይ ሰፈረ እሳት እንደ ወፍ ከንፎ።
«አንቺ ዘንድ በጋ ገባ እንዴ?» አላት አንዱ፣ ጣቱን በትንፋሹ እያሞቀ።
ሳቀች። ላቧ ግን በጀርባዋ ወርዶ ቀበቶዋ ሥር ዘለቀ።

ወደ ስትሮምነስ ወደብ ሲጠጉ፣
ያ ሠላሳ ዓመት ስታስረው ስትፈታው የኖረችው፣
መዳፏን ያሻከረው፣
ያ ወፍራሙ፣ ያ ረጅሙ...
ማነው ስሙ?
«ወርውርልኝ ያንን... ያንን...» ብላ እጇ አየር ላይ ቀረ።
ገመድ። ገመድ ነበረ።
መርከቧ ገና ሳትታሰር ቃሉ ነው የተፈታው፣
እሷም ከዳር ሆና ሲርቅ የምታየው።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ትራሷን ገልብጣ፣ ብርድ ልብሱን ገፍፋ፣
እናቷ ትዝ አለቻት፣ ግንባሯን ከአጥሩ በር አስደግፋ፤
በሌሊት ልብስ፣ በውርጭ፣ በሁለት እጇ ብረቱን ጨብጣ፤
ሩና በመስኮት አየቻት፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ደንግጣ።
አባቷ «ጠባይዋ ነው» አለ፤ «ተያት።»
ጎረቤት «ዕድሜ» አለ። ሐኪሙ «ነርቭ» ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጣት።
ስሙን ግን ማንም አልጠራላት።

ማረጥ። አንድ ፊደል ብቻ ነው ከማረፍ የሚለየው፤
ያችን አንድ ፊደል ለመሻገር ስንት ሌሊት ነው የሚፈጀው?

ዶክተር ኬር አልቸኮለችም፤ ወረቀት ላይ ሚዛን ሣለች።
«አጥንትሽን ይደግፋል» አለች፤ «እሳቱንም ያበርደዋል።
ትንሽም ብትሆን አደጋ አለችው፤ አልደብቅሽም፣ ጡትሽ ይመረመራል።
ማሕፀንሽ አለና፣ ማታ ማታ ደግሞ አንዲት እንክብል ይጨመራል።»

ከወገብ በታች የሚለጠፍ፣ እንደ እንቁላል ልባስ የሳሳ፣
እንደ ረቡዕና ዓርብ ጾም ቀኑ የማይረሳ፣
ሰኞ ተለጥፎ ሐሙስ የሚነሣ፣
ደግሞ ሐሙስ ተለጥፎ ሰኞ የሚነሣ።
በስድስተኛው ሳምንት ጎሕ ሲቀድ ነቃች፤
ጎሕ መሆኑን አላመነችም፣ ሰዓቷን አየች።
ተኝታ ነበር ለካ! አንሶላው ደረቅ፣ ትራሱ በቦታው፤
የመርከቡን ዕቃ ሁሉ፣ ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ ስም በስም ጠራችው።

በመጋቢት አለቀ።
«የለም» አላት ፋርማሲስቱ፣ ገና ጢም ያላበቀለ፣ ከእፍረቱ ጋር እየተናነቀ።
«ከወዲያ ማዶ አልተጫነም። በመርከብ ነው የሚመጣው።»
«በየትኛው መርከብ?»
«በ... በእናንተው።»
ልትቆጣ የከፈተችውን አፏን በሳቅ ዘጋችው።

ኤፊ ክላውስተን ናት ከመኪና ማቆሚያው የጠራቻት፣
የቀድሞ ፖስተኛ፣ ጉልበቷ እንጂ ምላሷ ያልደከማት።
«ያንቺ ስንት ነው?»
«ሃምሳ።»
«የኔም ሃምሳ ነበር፤ ወደ ቅባቱ ተዛወርኩ፤
የተረፈውን ካርቶን አየሁና አንቺን አስታወስኩ።»
ሁለት ሴቶች፣ በዝናብ፣ በተከፈተ የመኪና በር ተከልለው፣
ኮንትሮባንድ እንደሚያሻግር ሰው።
ሩና በጭስ የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልላ አቀበለች፤
ኤፊ ግን እጇን አልለቀቀችም፤ ዝናቡን እያየች፣
«እናትሽን» አለች፣ «ልጅ እግር ፖስተኛ ሳለሁ፣ በሩን ጨብጣ ስንት ጧት አገኘኋት።
ደብዳቤዋን ሰጠኋት።
ሰላም አልኳት።
ምን ሆነሻል ሳልላት...»
አልጨረሰችውም። መጥረጊያው መስታወቱን ሁለቴ ጠረገው።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ነፋሱም ያው፣ ባሕሩም ያው፤
የሩና ካፖርት ግን እስከ አንገቷ እንደተቆለፈ ነው።
ወደቡ ሲቀርብ «ገመድ!» ብላ ጮኸች፤ ትእዛዝ አልነበረም፣ ስሙን ነው የጠራችው።
«እሺ፣ ያዝኩት!» አላት ከወደቡ ያለው ልጅ፣ ገና ሳትወረውረው።